ጋሽ ሩብ የሸራረፏት ክኒን

ጋሽ ሩብን ያወቅኳቸው የስፌት መኪናዬ እየዘለለች ስታስቸግረኝ ነው። እኔ መጋረጃ ነው የምሰፋው። አራት ሜትር ሰፍተው ጨርሰው፣ ቀና አድርገው ሲያዩት መሃሉ ላይ አንድ ክንድ ያህል ሳይሰፋ መቅረቱ እንዴት እንደሚያቃጥል የሰፋ ያውቀዋል። ሦስት ሰው ጋ ወሰድኳት። ሦስቱም ፈታቷት፣ ዘይት አጠጧት፣ "በቃ አዲስ ሆናለች" ብለው ሰጡኝ። ቤት ስደርስ ያው ናት። በመጨረሻ ጨርቅ የምገዛባት ሴትዮ "ጋሽ ሩብ ጋ ውሰጃት። ነፍስሽን ያወጡታል፣ ግን ችግሯን ያገኙታል" አለችኝ።

እውነትም ነፍሴን አወጡት። ተሸክሜያት ስገባ መኪናዋን እንኳን አልነኳትም። ወንበር ሰጡኝና "ስፊ" አሉኝ። ሰፋሁ። "ድገሚ።" ደገምኩ። ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙ። ከዚያ ካቻቢቴ አነሱና አንዲት ብሎን ሩብ ዙር አዙረው "ስፊ" አሉኝ። እንዲህ ስንባባል ግማሽ ቀን ሄደ። እኔ ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም፤ ሲብስብኝ ጊዜ ግን፣

"ጋሼ፣ ያቺኛዋንም ብሎን አብረው ቢነኳት አይፈጥንም?" አልኳቸው።

"ልጄ፣ ሁለት ብሎን አንድ ላይ ከነካሁ፣ ቢሻላትም የቷ እንዳዳነቻት፣ ቢብስባትም የቷ እንደጎዳቻት በምን አውቃለሁ?"

ሩብ የተባሉትም በዚሁ ነው። ዋና ስማቸውን የሚጠራ ሰው የለም። የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ እንኳን "ጋሽ ሩብ አሉ?" ብሎ ነው የሚገባው።

መኪናዬ ዳነች። እኔ ግን ሰበብ እየፈለግኩ መመላለሴን አልተውኩም። ይሄን ታሪክ ከእሳቸውና ከእህታቸው አፍ፣ አንዱ ሲጀምር ሌላው እያረመው፣ በትንሽ በትንሹ ነው የሰማሁት። ከደብዳቤ ሌላ ጽፌ አላውቅም። እንደሰማሁት ላስቀምጠው።

ጋሽ ሩብ ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከታላቅ እህታቸው ጋር ይኖራሉ። እህትየውን እሳቸውም ሰፈሩም እታለም ነው የሚሏቸው። እታለም ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስልክ ቤት ሰው ከሰው ሲያገናኙ ስለኖሩ፣ አጠገባቸው የተቀመጠውንም ባህር ማዶ እንዳለ ሰው ነው የሚያናግሩት። ወንድማቸውን እስከ ዛሬ "አንተ ልጅ" ይሏቸዋል።

ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። የፊተኛው ሱቅ፣ የኋለኛው መኖሪያ። ሱቁ ውስጥ እግር የሌላቸው የስፌት መኪኖች መደርደሪያ ሙሉ ተኮልኩለዋል። ብሎኖቹ በየዓይነታቸው በሻይ ቆርቆሮ ውስጥ ናቸው። በሩ ጀርባ ሚስማር አለ፤ ሚስማሩ ላይ ደግሞ የካርቶን ቁራጮች በክር ተንጠልጥለዋል። እያንዳንዷ ካርቶን የአንድ መኪና ናት። መቼ፣ የቷ ብሎን፣ ስንት ዞረች፣ ከዚያ ምን ሆነ፤ ሁሉም በእርሳስ ይጻፍባታል። ካርቶን ላይ ያልሰፈረ ነገር ጋሽ ሩብ ዘንድ አልተደረገም ማለት ነው።

እጃቸው መጀመሪያ የታመመው የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ነው። ጠዋት ሲነሱ ጣታቸው አልታጠፍ ይላል። ያብጣል፣ ይቀላል፣ ይግላል። ጉልበታቸውም ተከተለ። የመገጣጠሚያ ሐኪም ጋ ሄዱ። ሐኪሙ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ናቸው፤ ነገሩን በቀላሉ አስረዷቸው።

"ደምህ ውስጥ ነጭ ሴሎች አሉ። ዘበኛ በላቸው። ጀርም ሲገባ ይዘው የሚጥሉ እነሱ ናቸው። ያንተዎቹ ግን የቤቱን ሰው ሌባ መስሏቸው መገጣጠሚያህን እየደበደቡት ነው። እብጠቱም ትኩሳቱም ከድብደባው ነው የሚመጣው። ብግነት እንለዋለን።"

"ታዲያ ምን ይሻላቸዋል?"

"ማስተኛት ነዋ።"

ይሄ ለጋሽ ሩብ ግልጽ ነበር። ዘበኛ አበደ፣ ተኛ፣ አለቀ። መጀመሪያ ላይ ብዙ ዓይነት መድኃኒት ነበር፤ እየቆየ በቀን ሁለት ነጭ ክኒን ብቻ ቀረ። ጠዋት ጠዋት በሻይ ዋጥ ያደርጓታል። እጃቸው ተመለሰ። እንደገና ያችን የአይጥ ዓይን የምታህል ብሎን በሁለት ጣት አንስተው ቦታዋ ማስገባት ቻሉ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ አለፈ።

አምና ሳል መጣ። ጉንፋን ነው ተባለ፣ ብናኝ ነው ተባለ፣ የመኪና ዘይት ሽታ ነው ተባለ። ሳሉ ግን አልሄደም። ራጅ ተነሱ፣ ከዚያ ትልቁን ሲቲ ስካን ተነሱ፣ ከዚያ በመርፌ ናሙና ተወሰደ። ሳንባቸው ላይ የአውራ ጣት ራስ የምታህል ነገር ተገኘች። ካንሰር ናት። በቀዶ ጥገና የምትወጣበት ቦታም ላይ አይደለችም።

የካንሰሯ ሐኪም ወጣት ሴት ናት። ስትናገር እስክሪብቶዋን እየከፈተች ትዘጋለች። እታለምና ጋሽ ሩብ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሰሟት።

"አንድ መድኃኒት አለ" አለች። "በጉሉኮስ መልክ በየሦስት ሳምንቱ የሚሰጥ። ካንሰሩን ራሱን አይገድለውም። የሚሠራው የእርስዎን ነጭ የደም ሴሎች መቀስቀስ ነው። እነሱ ናቸው ካንሰሩን የሚገድሉት።"

ጋሽ ሩብ የሕክምና ካርዱን በጣታቸው ወደ እሷ ገፋ አደረጉት።

"ይቅርታ ዶክተር፣ እስቲ ካርዱን ይዩት። የሌላ ሰው እንዳይሆን።"

"የእርስዎ ነው።"

"እኔ እኮ ዘበኞቼን አሥራ አንድ ዓመት ሳስተኛ የነበርኩ ሰው ነኝ።"

"አውቃለሁ። እነሱኑ ነው የምንቀሰቅሳቸው።"

"እነዚያኑ? እጄን የደበደቡትን?"

"ወንድሞቻቸው ይበሏቸው፣ ጋሼ። ዘመዳሞች ናቸው።"

እስክሪብቶዋን ከፍታ ዘጋች። ካንሰር ከውጭ የሚገባ ሌባ አይደለም አለች፤ ከራስ ሰውነት የወጣ ነው። ዘበኛው ሊይዘው ሲመጣ የይለፍ ወረቀት የመሰለ ነገር ያሳየዋል፤ ዘበኛውም "እለፍ" ይላል። ጉሉኮሱ ያን ወረቀት እንዳይታይ ያደርገዋል።

እስከዚህ ድረስ ጋሽ ሩብ እንደምንም ተከትለዋት ነበር። የጠፉት ከዚህ በኋላ ነው።

"ሁሉም ዘበኛ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም" አለች። "ቆሻሻ የሚበሉ ትልልቆች አሉ። መገጣጠሚያዎ ውስጥ እነሱ ናቸው ሌሎቹን 'ኑ፣ ኑ' እያሉ የሚጠሩት፤ እብጠቱን የሚያባብሱት። ካንሰሩ ጋ ሲደርሱ ግን አንዳንዶቹ ይላመዱታል። ደም ስር እንዲወጣለት ያግዙታል፤ ሌሎቹ ዘበኞች እንዳይገቡም ይከለክሉለታል።"

"የኔዎቹ ዘበኞች? ለእሱ?"

"አዎ።"

"አንዴ እኔን ይመታሉ፣ አንዴ ጠላቴን ያጎርሳሉ?"

"አንዳንዴም ያድኑዎታል" አለች ዶክተሯ። "ይገባኛል ጋሼ፣ ነገሩ ግራ ያጋባል።"

ግራ መጋባትስ ምን አላት። ጋሽ ሩብ ግራም ቀኝም ጠፍቷቸዋል።

"ዋናው ነገር ይሄ ነው" አለች በመጨረሻ። "ዘበኞቹ ሲነቁ የእጅዎ ሕመም ሊነሳ ይችላል። ስለዚህ ሁለቷን ነጭ ክኒን በየቀኑ ይውሰዱ። አይጨምሩ፣ አይቀንሱ። ከበዛች የቀሰቀስናቸውን መልሳ ታስተኛለች። ካነሰች እጅዎ ያብጣል። ሁለት። ሁለት ብቻ።"

ቤት ሲገቡ እታለም ኮታቸውን ሳያወልቁ ጀመሩ።

"አንተ ልጅ፣ ተኝተው የነበሩት ይነቁ ነው ያለችው?"

"አዎ።"

"ማስተኛዋን ክኒን ደግሞ አትተው ነው ያለችህ?"

"አዎ።"

"በደንብ ሰምተሃል?"

"አንቺስ አብረሽኝ አልነበርሽም እንዴ!"

"እኔማ አንተ ትሰማለህ ብዬ የእስክሪብቶዋን ነገር ሳይ ነበር።"

እታለም ስልክ አንስተው ሆስፒታል ደወሉ። ነርሷ ጆሮዋን እየያዘች ሳይሆን አይቀርም ሁሉንም ደገመችላቸው። ስልኩን ዘጉና "ትክክል ነው ይላሉ። ካበዱም ሁሉም ባንድ ላይ ነው ያበዱት" አሉ።

የመጀመሪያውን ጉሉኮስ ወሰዱ። ስድስት ወንበር ያለበት ክፍል ነው፤ ሰው ጋደም ብሎ ጠብታውን ይቆጥራል። ምንም አልተሰማቸውም። ሁለተኛውንም ወሰዱ። እጃቸው ደህና ነው፤ ሳሉ ግን እንዳለ ነው። ጋሽ ሩብን ያስጨነቃቸው ይሄ ነው። ዘበኞቹ ከነቁ ሳሉ ለምን አልተወም? እጄስ ለምን አላበጠም? አልነቁማ! ጉሉኮሱ በአንድ ወገን ተነሱ ሲላቸው፣ ክኒኗ በሌላ ወገን ተኙ እያለቻቸው ቢሆንስ?

ጠረጴዛቸው ላይ ተቀምጠው ሁለቷን ክኒን መዳፋቸው ላይ አድርገው ብዙ አዩዋት። አንዱ ይገፋል፣ አንዱ ይጎትታል። ይሄ መቼም ሥራ አይደለም። እሳቸው በሚያውቁት ሥራ አንዱን ትተህ አንዱን ነው የምትፈትነው። ጉሉኮሱን መንካት አይችሉም፤ ክኒኗ ግን እጃቸው ላይ ናት።

ምላጭ አወጡ። ክኒኗን ብረት ቆንጥጦ የሚይዘው ሞርሳ ጫፍ ላይ አስቀመጡና ሩቧን ቀነሱ። ቁራጯን ባዶ የአዝራር ቆርቆሮ ውስጥ ጣሏት። ከዚያ ካርቶን ቆርጠው በእርሳስ ጻፉ። አናቱ ላይ የመኪናው ዓይነት በሚጻፍበት ቦታ "ሽበታሙ" አሉት። ከሥሩ፣ "ሰኞ። ከሁለት ላይ ሩብ ተነሳ። እጅ ደህና። ሳል ያው።" ከሌሎቹ ካርቶኖች ጋር ሚስማሩ ላይ ሰቀሉት። እታለም በዚያ በር በቀን ሃያ ጊዜ ይወጣሉ ይገባሉ፤ የማንን መኪና ካርቶን አንብበው ያውቃሉ?

በየሳምንቱ ሰኞ ሩብ ይቀነሳል። በአራተኛው ሰኞ አንድ ክኒን ቀረች፤ እጅ ደህና። መሃል ላይ ሦስተኛውን ጉሉኮስ ወስደዋል። ሳሉ ቀለል ያለ መሰላቸው፤ "ሳል ትንሽ ሻል" ብለው ጻፉ። ደስ አላቸው። ለዶክተሯ አንድ ቀን እነግራታለሁ፣ እሷም ለሌላው በሽተኛ ትነግራለች ብለው አሰቡ።

በአምስተኛው ሳምንት ሐሙስ ቀን የግራ እጃቸው ሞቀ። ዓርብ ቀኙ ተከተለ። በስድስተኛው ሳምንት ክኒኗ ግማሽ ስትሆን ሁለቱም እጃቸው እንደቦካ ሊጥ ተነፋ። ጉልበታቸው አልታጠፍ አለ። አቅላቸውን የሚያስት ድካም መጣ። ካቻቢቴ ማንሳት ቀርቶ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ አቃታቸው። እታለም እየቆለፉላቸው፣

"ሕፃን ሆነህ ያልቆለፍኩልህን አሁን ታስቆልፈኛለህ?" አሉ።

ጋሽ ሩብ ካርቶኑን አወረዱትና ሊያነቡት ሞከሩ። አሁን ማን ነው ይሄን ያመጣው? ክኒኗ ናት? ወይስ ሦስተኛው ጉሉኮስ? ዶክተሯ ጉሉኮሱ ዘግይቶ ነው የሚሠራው ብላ አልነበር? ለካስ አንድ ብሎን የነካሁ መስሎኝ ሁለት ነው ስነካ የከረምኩት! ጉሉኮሱም በራሱ ጊዜ ሲዞር ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ሰው እንዳያደርገው ሲለምኑ የኖሩትን ነገር፣ በገዛ ሰውነታቸው ላይ አደረጉት። ካርቶኑን መልሰው ሰቀሉት። ለማንም ምንም አላሉም። ቢያንስ መጨመር ነበረባቸው፤ እሱንም ፈሩ። ብጨምር ደግሞ ሦስተኛ ብሎን መንካቴ ነው ብለው ግማሿ ላይ ቆሙ። እኔ ይሄን ሲነግሩኝ ለምን እንዲያ እንዳሰቡ ጠየቅኳቸው። "አላውቅም ልጄ፣ ጭንቅላቴ ራሱ ስፌት እየዘለለ ነበር" ነው ያሉኝ።

ለአራተኛው ጉሉኮስ ሆስፒታል ሲሄዱ እታለም በክንዳቸው ደግፈዋቸው ነው። ዶክተሯ እጃቸውን ስታይ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችው። አዲሱ ሲቲ ስካን መስኮቱ አጠገብ ካለው ኮምፒውተር ላይ ተከፍቷል።

"ሁለት ነገር አለ" አለች። "አንደኛው ፎቶው ነው። ሳንባዎ ላይ ያለችው ነገር ትንሽ ተልቃለች።"

እታለም ወንበሩን ያዙት።

"ይሄ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ካንሰሩ አድጎ ሊሆን ይችላል። ወይ ደግሞ ዘበኞቹ ገብተውበት፣ ተጨናንቀው፣ እሱ ራሱ አብጦ ሊሆን ይችላል። ይሄ አንዳንዴ ያጋጥማል። ዛሬ ላይ ሆኜ ይሄ ነው ማለት አልችልም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሁለት ዙር ጨምረን እንደገና እናያለን እል ነበር።"

"ሁለተኛውስ?" አሉ ጋሽ ሩብ።

"ሁለተኛው እጅዎ ነው። መድኃኒቱ በጣም ቀስቅሷቸዋል። ክኒን እየወሰዱ እንዲህ ካበጠ፣ ነገ ደግሞ ደህናውን ሳንባዎን ወይ አንጀትዎን ሊነኩ ይችላሉ። ያ ይገድላል። ከመገጣጠሚያው ሐኪም ጋርም በስልክ ተነጋግረናል። ጉሉኮሱን ማቆም ነው የሚሻለው።"

"ለትንሽ ጊዜ?" አሉ እታለም።

"ለሁልጊዜ።"

"በምትኩስ?"

ዶክተሯ ካርዱን ገለጥ አድርጋ አየች። "የድሮው ዓይነት የካንሰር መድኃኒት አለ። ኩላሊትዎ የሚችለው አይመስለኝም። አልዋሽዎትም ጋሼ፣ ተስፋ ያደረግነው በዚህኛው ነበር።"

ጋሽ ሩብ እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት፤ እንደ ጥፋተኛ። "ክኒን እየወሰዱ" አለች። ሁለት መስሏታል። ብናገር "ይሄ ሰው አይታመንም" ብለው ካርዴን ይዘጉታል። ባልናገር ጉሉኮሱን ያቆሙታል። ምናልባት ደግሞ ልክ ትሆናለች፤ ምናልባት ጉሉኮሱ ይሆናል ያሳበጠኝ። ብናገርም ያው ቢሆንስ?

"ዶክተር" አሉ። "ክኒኗን… ነካ አድርጌያታለሁ።"

"ምን ማለት ነው ነካ?"

"ሩብ ሩብ።"

"አልገባኝም።"

"በየሳምንቱ ሩብ ሩብ ቀንሻለሁ። አሁን ግማሽ ላይ ነኝ።"

እታለም ዞር ብለው አዩዋቸው። ከዚያ በሙሉ ድምፃቸው፣ "አንተ ሽበታም ቀጣፊ!" አሉ። መተላለፊያው ላይ የነበሩት ሰዎች ሁሉ በበሩ አንገታቸውን አስገቡ። "በየቀኑ ጠዋት 'ዋጥክ?' ስልህ 'ዋጥኩ' አላልከኝም?"

"ውጫለሁ እኮ።"

"ግማሽ!"

"ግማሽ ውጫለሁ።"

"ግማሽ ወንድም ነው ያለኝ ማለት ነው! ግማሽ ጭንቅላት!"

ዶክተሯ እጇን አነሳች። ተቆጥታለች፤ ግን ወንበሯን ወደ ጋሽ ሩብ አስጠግታለች።

"መቼ መቼ እንደቀነሱ ያስታውሳሉ?"

"ተጽፏል።"

"የት?"

"በሩ ጀርባ።"

እታለም በታክሲ ሄደው ይዘው እስኪመጡ አንድ ሰዓት ፈጀ። ካርቶኑን ብቻ አይደለም ያመጡት፤ የአዝራር ቆርቆሮውንም ከነቁራጮቹ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉት። "ይኸው፣ ሀብቱ" አሉ። ዶክተሯ ካርቶኑን አነበበች፤ አናቱ ላይ "ሽበታሙ" የሚለውን ስታይ ከንፈሯን ነከሰች፣ ሳቅ ይሁን ንዴት ጋሽ ሩብ አላወቁም። ከዚያ የጉሉኮሱን ቀኖች ከጎን በእስክሪብቶ ጻፈችበት። ክኒኗ ሁለት እያለች ሁለት ጉሉኮስ፤ እጅ ደህና። አንድ ከሩብ ላይ ሦስተኛው ጉሉኮስ፤ እጅ ደህና። ከአንድ በታች ከወረደች ከሦስት ቀን በኋላ እጅ ሞቀ። የመገጣጠሚያውን ሐኪም በስልክ ጠርታ አንብባ አሰማቻቸው። ሽማግሌው ሐኪም በስልኩ ውስጥ "ኤጭ!" ሲሉ ለሁሉም ተሰማ።

"እንግዲህ" አለች ዶክተሯ ስልኩን ስትዘጋ። "መጀመሪያ ይሄን ይስሙኝ። አሥራ አንድ ዓመት ያቺን ክኒን የለመደ ሰውነት ድንገት ቢያጣት፣ እጅ ማበጥ ብቻ አይደለም፣ ወድቆ ሊቀር ይችላል። ሩብ ይሁን ሲሶ፣ ሳይጠይቁኝ እንዳይነኳት።"

"እሺ።"

"ሁለተኛ፣ እብጠቱ ከክኒኗ መቀነስ የመጣ ይመስላል። ወደ ሁለት እንመልሳት። አሥር ቀን እንጠብቅ። እጅዎ ከወረደ ጉሉኮሱን አላቆምም።"

"ከወረደ ጉሉኮሱ ንጹሕ ነው ማለት ነው?"

"አይደለም። ሁለቱም አስተዋጽኦ ሊኖራቸው ይችላል።"

"ታዲያ በምን ይታወቃል?"

"እናያለን።"

ጋሽ ሩብ "እናያለን" የሚለውን ቃል እንደዚያን ቀን ጠልተውት አያውቁም። ግን ካርዳቸው አልተዘጋም።

አሥሩ ቀን የእታለም ቀን ነበር። ጠዋት ጠዋት ሁለቷን ክኒን ራሳቸው ያጎርሷቸዋል፣ ውሃ ያጠጧቸዋል፣ ከዚያ "አፍህን ክፈት። ምላስህን አንሳ። ወደ ግራ። ወደ ቀኝ" ይላሉ። ምላጩን ደብቀውታል። ጋሽ ሩብ ጺማቸውን መላጨት አቅቷቸው ከረሙ። በአራተኛው ቀን እጃቸው በረድ አለ። በሰባተኛው አውራ ጣታቸው ታጠፈ። በአሥረኛው ቀን የራሳቸውን ሸሚዝ እስከ ሦስተኛው ቁልፍ ቆለፉ።

ጉሉኮሱ ቀጠለ። ከሁለት ዙር በኋላ ሌላ ፎቶ ተነሱ። ያቺ ሳንባቸው ላይ ያለችው ነገር ከመጀመሪያውም አንሳ ተገኘች። ዶክተሯ ሳቀች፤ ጋሽ ሩብ ስትስቅ ሲያዩዋት የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው።

"ስለዚህ ያን ጊዜ የተለቀችው ዘበኞቹ ገብተው ነበር?" አሉ።

"ይመስለኛል።"

"ለእሱ የሚያገለግሉት ናቸው ወይስ የኔዎቹ?"

"ሁሉም የእርስዎ ናቸው ጋሼ።"

"እሱማ ነው። የትኞቹ የእኔዎች?"

ዶክተሯ መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች፤ ተረኛው በሽተኛ በር ላይ ቆሟል። "ሌላ ጊዜ" አለቻቸው።

እስከ ዛሬ ያ ሌላ ጊዜ አልመጣም። ጋሽ ሩብ በየሦስት ሳምንቱ ይሄዳሉ። ካንሰሯ አልጠፋችም፤ አላደገችምም። የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶች ግን እንደታጠፉ ቀሩ፤ ከዚያ ከሰነበተው እብጠት ነው ብለዋቸዋል። ያቺን የአይጥ ዓይን የምታህል ብሎን አሁን የሚያስገቡት እታለም ናቸው። ጋሽ ሩብ ከላይ ቆመው ያዝዛሉ።

"ወደ ግራ እታለም!"

"ይሄ ምንድነው፣ ግራ አይደለም?"

"ያንቺ ግራ ነው፤ እኔ የመኪናዋን ነው ያልኩት!"

"መኪና ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ግራ ያላት? ራስህ ና ያዘው እንግዲህ!"

እዚያ ላይ ጋሽ ሩብ የታጠፉትን ጣቶቻቸውን ያያሉ። ከዚያ እታለም የብሎኗን ቦታ ራሳቸው ያገኙላታል።

አንባቢዎቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሂዱና እዩዋቸው። የተበላሸ መኪና ባይኖራችሁም ግድ የለም። ከጉሉኮስ በኋላ ያሉትን ሦስት ቀናት ይደክማቸዋልና እነሱን ዝለሏቸው፤ እታለምን ብትጠይቁ ቀኑን ይነግሯችኋል። ጉንፋን የያዛችሁ እባካችሁ እስኪለቃችሁ ቆዩ። ከመካከላችሁ ስለ ነጭ የደም ሴሎች የተማረ ሰው ካለ ደግሞ ጊዜ ይዞ ይሂድ። ቀስ ብሎ፣ አንድ በአንድ፣ ያስረዳቸው። እኔ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ሳስረዳ እኔም አብሬያቸው ጠፋሁ። ወንበር እታለም ያቀርቡላችኋል፤ ቢጮኹባችሁ እንዳትቀየሟቸው፣ እንዲህ ነው የሚያናግሩት ሰው ሲወዱ።